የሜላኖማ ዕጢና የሕሙማን ዕጣ፦ የአንድ መለኪያ ታሪክ

ሜላኖማ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሜላኖሳይት የተባሉ ሕዋሳት ከቁጥጥር ውጭ ሲባዙ የሚከሰት ካንሰር ነው። የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ጆን ሃንተር በ1787 እ.ኤ.አ. ከአንድ ሰው መንጋጋ አካባቢ ቆርጦ ያወጣው ዕጢ በሙዚየም ተቀምጦ ቆይቶ፣ በ1968 በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሜላኖማ ሆኖ ተገኝቷል። በሽታውን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ በ1804 የገለጸው ግን ፈረንሳዊው ሬኔ ላኤኔክ ነው። በዚያ ዘመን ሐኪሞች ዕጢውን ቢያውቁትም ማን እንደሚድን፣ ማን እንደሚሞት አስቀድመው የሚለዩበት መንገድ አልነበራቸውም።

የመጀመሪያው ተስፋ የተጣለው በሕዋሱ ቅርጽ ላይ ነበር። አሜሪካዊው ጆርጅ ካለንደር በ1931 የዓይን ሜላኖማን ሲመረምር፣ እንዝርት የሚመስሉ ቀጫጭን ሕዋሳት ያሉባቸው ሕሙማን ትልልቅና ክብ ሕዋሳት ካሉባቸው የተሻለ ዕድሜ እንዳላቸው አስተዋለ። በቆዳ ላይ ግን ሁለቱ ዓይነቶች ብዙ ጊዜ በአንድ ዕጢ ውስጥ ተደባልቀው ስለሚገኙ፣ ቅርጽ ብቻውን አስተማማኝ ምልክት መሆን አልቻለም።

ለውጡ የመጣው ጥያቄው “ሕዋሱ ምን ይመስላል?” ከሚለው ወደ “ምን ያህል ጠልቋል?” ሲዞር ነው። ዋላስ ክላርክ በ1969 ዕጢው የደረሰበትን የቆዳ ንብርብር በአምስት ደረጃዎች ከፈለ። የንብርብሮቹን ወሰን መለየት ግን አስቸጋሪ ስለነበር ሁለት ባለሙያዎች ሊለያዩ ይችሉ ነበር። አሌክሳንደር ብሬስሎው በ1970 ውፍረቱን በሚሊሜትር ለካ። ካጠናቸው 98 ዕጢዎች መካከል ከ0.76 ሚሊሜትር የቀጠኑት አላገረሹም፣ አልተሰራጩምም። የብሬስሎው ልኬት እስከ ዛሬ የትንበያው መሠረት ነው።

ቀጥሎ ሌሎች ምልክቶች ተጨመሩ። የዕጢው የላይኛ ሽፋን መቁሰል በ2002 በዓለም አቀፉ የደረጃ አሰጣጥ ውስጥ ጉልህ ቦታ አገኘ። በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ውስጥ የሚከፋፈሉ ሕዋሳት ብዛት በ2010 የቀጫጭን ዕጢዎች መለያ ሆነ። በ2018 ሥራ ላይ የዋለው የደረጃ አሰጣጡ እትም ይህን ቆጠራ ከመለያነት ቢያወጣውም፣ የትንበያ ዋጋ ስላለው በምርመራው ውጤት ላይ መመዝገቡ አልቀረም።

ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሕዝቦች፣ በኢትዮጵያውያንም ዘንድ፣ ሜላኖማ ሲከሰት ብዙውን ጊዜ የሚታየው በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር ነው። እንዲህ ያለው ቦታ በቀላሉ ስለማይስተዋል ዕጢው ከወፈረ በኋላ ይደረስበታል፤ ውፍረት ደግሞ የትንበያው ዋና መለኪያ ስለሆነ፣ በጊዜ መታየቱ የመዳንን ዕድል ከፍ ያደርገዋል።