«ለልጄ የቱ ይሻለዋል?»፦ ወላጅ፣ ሙያና መንግሥት በዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ በየቤቱ የሚነሣ ነው። ልጅ ከፍ ወዳለው ክፍል ሲደርስ ወላጅ «ምን ይማር? የትኛው ሙያ ያኖረዋል?» እያለ ይጨነቃል። በዚህ ጊዜ ለወላጅ የሚቀርብለት የተለመደ ምክር ወቀሳ ያዘለ ነው፤ የእጅ ሙያን ትንቃለህ፣ ዲግሪን ታመልካለህ፣ አመለካከትህን ለውጥ ይባላል። እንደ ታሪክ መምህርነቴ ይህን ወቀሳ መመርመር እፈልጋለሁ። ያለፉትን 120 ያህል ዓመታት ስንመለከት ወላጅ ባመዛኙ የመረጠው በዓይኑ ያየውን ተከትሎ ነው። ይህ እውነት ከሆነ የምንመክርበት መንገድም መለወጥ ይኖርበታል።

ከዘመናዊ ትምህርት በፊት ለአብዛኛው ልጅ የሙያ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። የገበሬ ልጅ ከብት ጠብቆ አድጎ ሞፈር ይጨብጣል፤ የቀጥቃጭ ልጅ ወናፍ እየነፋ፣ የሸክላ ሠሪዋም ልጅ ከእናቷ ጎን ጭቃ እያቦካች ሙያውን ይወርሳሉ። አሠልጣኙ ወላጅ ራሱ ነበር። ከዚህ መስመር የሚወጣ ልጅ ቢኖር የሃይማኖት ትምህርት ፈላጊው ነው። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቦ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዚያም ወደ ቅኔና መጻሕፍት ቤት ይዘልቅ ነበር፤ በወሎም ደረሳው ኪታብ ለመቅራት ከሼህ ወደ ሼህ ይጓዝ ነበር። እረኛ እንዳያጣ የሠጋ ወላጅ ሲከለክለው ከቤቱ ጠፍቶ የሄደ የቆሎ ተማሪ ጥቂት አይደለም። በወላጅ ፍላጎትና በልጅ ምኞት መካከል ያለው ግጭት ከዘመናዊው ትምህርት ቤት የቀደመ ነው።

የሚወረሰው ሙያ ሁሉ ግን እኩል አልተከበረም። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ በብዙ አካባቢ ርስት ተነፍገው፣ ከጋብቻ ተገልለው፣ «ቡዳ» እየተባሉ ይኖሩ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከለከሉ። በዚያው ዓመት በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከግብፅ የመጡ የቅብጥ መምህራን የውጭ ቋንቋና ሒሳብ ያስተምሩበት ጀመር። እንግዲህ ወላጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ነገር አየ። አዋጁ ስድብን ቢከለክልም የባለእጁን የርስት ይዞታና ገቢ አልለወጠም። ከትምህርት ቤቱ የወጣው ወጣት ግን አስተርጓሚና ጸሐፊ ሆኖ ወደ ቤተ መንግሥት ቀረበ። የትኛው ድምፅ ይበልጥ እንደተሰማ ለመገመት አያስቸግርም።

ይህም ሆኖ መጀመሪያ ላይ ብዙ ወላጆች አዲሱን ትምህርት በጥርጣሬ ነበር ያዩት። ሁኔታው በአንድ ትውልድ ውስጥ የተገለበጠው ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ነው። ወራሪው የጣሊያን መንግሥት ጥቂት ከነበሩት የተማሩ ሰዎች ብዙዎቹን በግፍ ስለገደለ፣ ነጻነቱን ያገኘው መንግሥት ቢሮውን የሚሞላለት ሰው ቸግሮት ነበር። በዚያን ጊዜ አዳሪ ተማሪ ምግብና ልብስ ይቀርብለት ነበር፤ ትምህርቱን ሲጨርስም ሥራው ይጠብቀዋል። የዓለማየሁ እሸቴ «ተማር ልጄ» የተወደደው እንዲህ ባለ ዘመን ውስጥ ባደገ ሕዝብ ዘንድ ነው። ሀብት የሌለው ወላጅ ለልጁ ሊያወርሰው የሚችለው ተስፋ ትምህርት ሆኖ ነበርና።

እዚህ ላይ «ታዲያ ይህ የእጅ ሙያን መናቅ አይደለምን?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። መልስ ይሆነን ዘንድ አንድ ምሳሌ ላንሣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት ሲመሠረት አብራሪዎቹም ቴክኒሻኖቹም የውጭ ሰዎች ነበሩ። ቀስ በቀስ ኢትዮጵያውያን ሠልጥነው ተተኩ። የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ እንደ ቀጥቃጩ ብረት ይነካል፣ እጁን ዘይት ይቀባዋል፤ ነገር ግን ልጄ የአውሮፕላን መካኒክ ሆነ ብሎ ያፈረ ወላጅ አላጋጠመኝም። ልዩነቱ ያለው ከብረቱ ዙሪያ ነው፦ የታወቀ የመግቢያ መስፈርት፣ በወቅቱ የሚከፈል ደመወዝ፣ የደረጃ ዕድገት፣ ጡረታ። ድሬዳዋ ላይ የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረውም ክብር ከዚህ የራቀ አልነበረም።

አሁን ወደ 1964 ዓ.ም. እንለፍ። «ሴክተር ሪቪው» በሚል ስም የሚታወቀው የትምህርት ጥናት የተካሄደው በዚያ ዓመት ነበር። ጥናቱ ለሁሉም ልጅ የ4 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲዳረስ፣ ከዚያ በላይ ያለው ግን ለጥቂቶች ተወስኖ አብዛኛው ወደ ተግባራዊ ሥራ እንዲያዘነብል ሐሳብ አቀረበ። በወረቀት ላይ ሲታይ አሳማኝ ነበር፤ ትምህርትን ለብዙኃኑ ማዳረስና ከግብርናው ሕይወት ጋር ማስተሳሰር ማን ይጠላል? ወላጆችና መምህራን ግን «የድሀ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቆም፣ የባለጸጋው ሊቀጥል ነው» ብለው ተረዱት። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፣ ዕቅዱም እንዲቆም ተደረገ፤ ጉዳዩ አብዮቱን ከቀሰቀሱት ጥያቄዎች አንዱ ሆኖ ተመዘገበ። በእኔ ግምት ያ ተቃውሞ ሙያን ከመጥላት የመነጨ አልነበረም፤ ወደ ኋላ የማይመለሱበትን በር ከመፍራት የመጣ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለቴክኒክና ሙያ ሰፊ ቦታ ሰጠ። ይሁንና እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ የ10ኛ ክፍል ፈተና ከፍተኛ ውጤት ያመጣውን ወደ መሰናዶ፣ የቀረውን ወደ ቴክኒክና ሙያ ይመድብ ነበር። ወላጅን «ሙያን አክብር» እያልን፣ ሙያን ለፈተና ያልቀናው ማረፊያ አድርገን አሳየነው። እርሱም እንደ ቀድሞው ያየውን አመነ።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ይበልጥ የሚያስጨንቅ ሆኗል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ100 ቤተሰብ ከ96 በላይ የሚሆነው ሲያልመው የኖረው ጎዳና በቀጥታ ሳይከፈትለት ቀረ ማለት ነው። ለእነዚህ ወላጆች «ሥራ ክቡር ነው» ብሎ መስበክ በቂ አይደለም።

ታሪኩ የሚጠቁመን ወላጅን መርዳት ማለት የሚታይ ነገር ማቅረብ መሆኑን ነው። በመጀመሪያ፣ እያንዳንዱ ማሠልጠኛ ተቋም ተመራቂዎቹ የት እንደገቡ፣ ስንቶቹ በሠለጠኑበት እንደሚሠሩና ምን እንደሚከፈላቸው ለወላጅ በግልጽ ሊናገር ይገባል። ሁለተኛ፣ ወላጅ ልጁ ከመመዝገቡ አስቀድሞ ወርክሾፑን በዓይኑ ይይ፤ አሠልጣኙንም በሙያው የሚተዳደረውንም ሰው ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ በሙያ የጀመረ ልጅ ቆይቶ እስከ ዲግሪ ሊደርስ የሚችልበት መንገድ በደንብ ላይ የተጻፈ ብቻ ሳይሆን በእርግጥ የሚያስኬድ ይሁን፤ የ1966ቱን ሥጋት የሚያስወግደው ይህ ነውና። ልጁም ይጠየቅ። ጠፍቶ የሄደው የቆሎ ተማሪ ያስተማረን፣ ያልተጠየቀ ልጅ መልሱን በእግሩ እንደሚሰጥ ነው።

በመጨረሻ ወደ እናንተ ወደ ተማሪዎች ልመለስ። ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ከቤተሰባችሁ ዩኒቨርሲቲን የረገጣችሁ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ። በዓል ደርሶ አገር ቤት ስትገቡ ወላጆቻችሁ ስለ ታናናሾቻችሁ የሚያማክሩት እናንተን ነው። እንግዲህ ያያችሁትን ሳትሸፋፍኑ ንገሯቸው፤ ሥራ ያገኘውንም፣ ዲግሪውን ይዞ ቤት የተቀመጠውንም፣ ብየዳ ተምሮ የራሱን ሥራ የከፈተውንም። ወላጆቻችሁ ማመዛዘን አያቅታቸውም፤ የጎደላቸው የሚያመዛዝኑት ትክክለኛ መረጃ ነው።