የፕላዝማ መስተዋትና የመምህሩ ሥልጣን፤ ከኢሊኖይ እስከ እኛ መማሪያ ክፍል

ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የተከታተለ ሰው «ፕላዝማ» የሚለውን ቃል ሳያውቅ አይቀርም። ቃሉ ለእኛ የአንድ ዓይነት መስተዋት ስም ከመሆን አልፎ የማስተማሪያው ዘዴ ራሱ መጠሪያ ሆኖ ነበር፤ «ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ፕላዝማ ነው» «ዛሬ ፕላዝማው አመለጠን» እንባባል ነበር። ይሁን እንጂ ይህ መስተዋት መጀመሪያ የተፈለሰፈው ለመዝናኛ ሳይሆን ለማስተማሪያ መሆኑን፣ የፈለሰፉትም የዩኒቨርስቲ ሰዎች መሆናቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ነገሩን የተረዳው ስለ ኮምፒዩተር ታሪክ ሲያነብ በድንገት ነው። ስለዚህ አንዱ መሣሪያ በሁለት አገር፣ በአርባ ዓመት ልዩነት፣ በመምህሩ ላይ ያደረሰውን ለውጥ መመርመር ይገባል ብሎ አሰበ። የውጭ አገር ታሪክ ሲነገር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1960 በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ዩኒቨርስቲ፣ ኧርባና በምትባለው ከተማ ነው። በዚያ ጊዜ ዳንኤል አልፐርት የተባሉት የአንድ ምርምር ክፍል ኃላፊ ኮምፒዩተር ለማስተማር ይረዳ እንደሆነ አጥንቶ እንዲያቀርብ ከመሐንዲሶች፣ ከሒሳብ ሊቃውንት፣ ከሥነ ልቡናና ከትምህርት ባለሙያዎች የተውጣጣ ጉባኤ አቋቁመው ነበር። ጉባኤው ለሳምንታት ተከራክሮ ሳይስማማ ቀረ። አልፐርት ነገሩን ለመተው ተቃርበው ሳሉ ዶናልድ ቢትዘር የተባለ ወጣት የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ለብቻዬ ልሞክረው ብሎ ተነሣ፤ በጥቂት ጊዜም ውስጥ አንድ ተማሪ ብቻ የሚያስተናግድ መሣሪያ ሠርቶ አሳየ። ስሙን ፕላቶ አሉት። ስሙ የረጅም እንግሊዝኛ ሐረግ ምሕጻር ቢሆንም የቀድሞ መጻሕፍታችን አፍላጦን የሚሉትን የግሪክ ፈላስፋ እንዲያስታውስ ሆን ተብሎ የተመረጠ ይመስላል። በሚቀጥለው ዓመት መሣሪያው ሁለት ተማሪዎችን በአንድ ጊዜ ማስተናገድ ቻለ፤ በኋላም ቁጥሩ እየጨመረ ሄደ።

ለእኛ ጥናት ግን ከመሐንዲሱ ይልቅ የሚጠቅመን የባለቤቱ የማሪያን ቢትዘር ሥራ ነው። ማሪያን ቢትዘር የነርሶች አስተማሪ ነበረች። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ይህን አዲስ መሣሪያ ተምራ በከተማው ሆስፒታል ለሚማሩ ነርሶች ትምህርት አዘጋጀችበት። የትምህርቱም አሠራር እንዲህ ነበር፤ በመስተዋቱ ላይ የልብ በሽተኛ ታሪክ ይቀርባል፤ ተማሪዋም ስለ በሽተኛው ማወቅ የምትፈልገውን ራሷ ትጠይቃለች፤ ሕክምና ትመርጣለች፤ የመረጠችው ምን እንዳስከተለም ታያለች። ገለጻውን ቁጭ ብላ የምትሰማ አልነበረችም። እንደ ጸሐፊው አስተያየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ዋናው ነጥብ ይህ ነው፤ አስተማሪዋ መሣሪያውን የተማረችው ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ለማሳየት አይደለም፤ በሙያዋ የምታውቀውን ችግር፣ ማለትም ጀማሪ ነርስ በእውነተኛ በሽተኛ ላይ ተሳስታ መማር አለመቻሏን፣ ለማቃለል ነው።

ይሁን እንጂ በዚያ ጊዜ ለመሣሪያው ትምህርት መጻፍ ለተራ መምህር የሚሆን አልነበረም፤ የኮምፒዩተር ቋንቋ የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልግ ነበር። ይህን እንቅፋት ያነሣው ፖል ቴንዛር የተባለ የባዮሎጂ ተማሪ ነው። እርሱም በ1967 ገደማ «ቱተር» (አስጠኚ ማለት ነው) የሚባል ቀላል ቋንቋ አወጣ። ቋንቋው ለኮምፒዩተር ሊቅ ሳይሆን ለአስተማሪ የታሰበ በመሆኑ ከዚህ በኋላ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስ፣ የቋንቋ መምህራን ራሳቸው ትምህርት መጻፍ ጀመሩ፤ ተማሪው የት ላይ እንደሚሳሳት አይተውም የጻፉትን ማግሥቱን ያርሙት ነበር። በፊደል መምቻው ላይ ከፊደላቱ ሌላ «ቀጥል» «ተመለስ» «እርዳታ» የሚሉ ልዩ ቁልፎች ነበሩ። እነዚህን ቁልፎች አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

አሁን ወደ መስተዋቱ እንምጣ። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ሥዕል የሚያሳየው በቴሌቪዥን ቱቦ ነበር። በቱቦው ላይ ያለው ሥዕል ወዲያው ስለሚጠፋ በእያንዳንዱ ሴኮንድ ደጋግሞ መሣል ያስፈልጋል፤ ለዚህም ሥዕሉን የሚያስታውስ ክፍል ለእያንዳንዱ ተማሪ መግዛት ግድ ነው፤ ዋጋውም እጅግ ውድ ነበር። ቢትዘር፣ ጂን ስሎቶና ተማሪያቸው ሮበርት ዊልሰን በ1964 ያገኙት መፍትሔ ሥዕሉን ራሱ መስተዋቱ እንዲያስታውስ ማድረግ ነው። በሁለት መስተዋቶች መካከል ኒዮን የሚባለው ጋዝ ይገባል፤ በረቂቅ መስመሮች አማካይነት የኤሌክትሪክ ኃይል ሲደርሰው ነጥብ በነጥብ እየበራ፣ አጥፋ እስኪባል ድረስ እንደበራ ይቆያል። ብርሃኑ ብርቱካንማ ነበር። በ1972 የወጣው አራተኛው ፕላቶ ይህን መስተዋት ያዘ፤ ተማሪው በጣቱ ሲነካውም ያውቅ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ላይ ወደ 1000 የሚጠጉ መስተዋቶች በስልክ መስመር ከአንድ ማዕከል ጋር ተያይዘው ነበር። ዛሬ ኦንላይን የምንለው ትምህርት መነሻው እዚህ ነው ብንል ከእውነት ብዙ አንርቅም። ፈልሳፊዎቹ ለዚህ ሥራቸው በ2002 የቴሌቪዥን ሰዎች የሚሸለሙትን የኤሚ ሽልማት ማግኘታቸው ትንሽ ያስቃል፤ መስተዋቱን የሠሩት ከቴሌቪዥን ቱቦ ለመሸሽ ነበርና።

ፕላቶ እንከን አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። በ1970ዎቹ የተደረገው ሰፊ ምርመራ መሣሪያው በተማሪዎች ውጤት ላይ ወጥ የሆነ ልዩነት እንዳላመጣ ነው የገለጠው፤ መምህራኑና ተማሪዎቹ ግን በአመዛኙ ወደውታል። ዋጋውም ከባድ ነበር። መሣሪያውን ለንግድ የወሰደው ኮንትሮል ዳታ የተባለው ኩባንያ ብዙ ገንዘብ ካፈሰሰበት በኋላ ተስፋ ያደረገውን ትርፍ ሳያገኝ ቀርቷል።

መስተዋቱ በተፈለሰፈበት በዚያው በ1964 በሌላ የዓለም ማዕዘን ተቃራኒ ሙከራ ተጀምሮ ነበር። በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው አሜሪካን ሳሞአ ገዥው ሬክስ ሊ የደሴቶቹ ትምህርት በቴሌቪዥን እንዲሰጥ አደረጉ። ከአሜሪካ የመጡ አስተማሪዎች በስቱዲዮ ሆነው ያስተምራሉ፤ የክፍሉ የሳሞአ መምህር ግን ቴሌቪዥኑን ተከትሎ ያለማምዳል። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ቴሌቪዥኑ ከጌትነቱ ወርዶ ረዳት ሆነ፤ ትምህርቱም ወደ ክፍሉ መምህር ተመለሰ።

የእኛም አገር ፕላዝማ የሳሞአ ታናሽ ወንድም እንጂ የኢሊኖይ ልጅ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የቀረበው ምክንያት ከንቱ አልነበረም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፍጥነት ይበዙ ነበር፤ የሠለጠኑ መምህራን ግን አይበቁም፤ በተለይ በገጠር። የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነም የቋንቋ ድክመት አለ ተባለ። ስለዚህ የሒሳብ፣ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂና የሌሎችም ትምህርቶች በደቡብ አፍሪካ ተቀርጸው በሳተላይት በአንድ ሰዓት ለመላው አገር ይተላለፉ ጀመር። የአዲስ አበባና የሩቅ ወረዳ ልጅ እኩል ይማር የሚለው አሳብ መልካም አሳብ ነው፤ ሊናቅም አይገባውም። ነገር ግን ክፍለ ጊዜው አብዛኛው የመስተዋቱ ሆነ፤ ለመምህሩ የቀረለት በመግቢያው ጥቂት ደቂቃ፣ በመዝጊያው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ጸሐፊው በዚህ ዘዴ ከተማሩት አንዱ ስለሆነ የሚያስታውሰውን ቢጨምር ነውር አይሆንበትም። የፊዚክስ አስተማሪያችን ጎልማሳ ሰው ነበሩ፤ ብዙ ዓመት በጠመኔ አስተምረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በመስኮቱ አጠገብ ቆመው እንደ እኛው ያዩ ነበር። መስተዋቱ ጥያቄ ያቀርብና መልሱን እንድንጽፍ ጥቂት ሴኮንድ ይሰጠናል፤ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። ማንን እንደሚያመሰግን አናውቅም ነበር። መብራት ሲጠፋም ትምህርቱ በሰማይ ላይ ይቀጥላል፤ መብራቱ ሲመለስ እኛ ምዕራፉን አጥተን እንገኛለን። ቆይተው አስተማሪያችን አንድ ዘዴ አወጡ። የመምህሩን መምሪያ ማታ አጥንተው ይመጣሉ፤ ሥዕሉ በሚያስፈልግበት ጊዜ መስተዋቱን ያሳዩናል፤ ከዚያ ድምፁን ዝም አሰኝተው ራሳቸው ግማሹን በአማርኛ ያስረዱናል። ተቆጣጣሪ መጣ ሲባል ድምፁ ይመለሳል። ሰውዬው መሣሪያውን አልጠሉትም፤ እንዲያውም ስለ ማዕበል የታየውን ሥዕል በጠመኔ ሊሥሉት የማይችሉት መሆኑን ደጋግመው ይነግሩን ነበር። የጎደላቸው ቀደም ብለን ያነሣነው «ተመለስ» የሚለው ቁልፍ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ኢሊኖይ ባለጸጋ ዩኒቨርስቲ ነው፤ መምህራኑም የተመረጡ ናቸው፤ እኛ ለያንዳንዱ መምህር ኮምፒዩተር ከየት እናመጣለን? የሚል ነው። ተቃውሞው ትክክል ነው። ነገር ግን ትምህርቱን ለማቆም፣ ለመመለስና ለማረም የሚያስፈልገው ሁሉ ውድ አልነበረም፤ ትምህርቱን በካሴት ወይም በዲስክ ለየትምህርት ቤቱ ማደል መምህሩ በፈለገበት ቦታ እንዲያቆመው ባስቻለ ነበር። ከመሣሪያው ችግር ይልቅ ለመምህሩ የነበረው እምነት ማነስ ይበልጥ ጎድቷል ብሎ ጸሐፊው ያምናል፤ የተለየ ማስረጃ ያለው ወገን ቢያቀርብ ግን ለመታረም ዝግጁ ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሲዘጉ ነገሩ በሌላ መልክ ተመለሰ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ ከዚያ ጎን ለጎን ግን ብዙ መምህራን ማንም ሳያዛቸው ቴሌግራም የሚባለውን የስልክ መገናኛ ተጠቅመው ማስተማር ጀመሩ። ስልክም ኔትወርክም የሌለው ተማሪ ብዙ ስለነበረ ሥራው ጎዶሎ ነበር። ጸሐፊው ከእነዚህ መምህራን ጥቂቶቹን ጠይቆ እንደተረዳው አብዛኞቹ ዘዴውን የተማሩት ከራሳቸው ልጆች ወይም ከተማሪዎቻቸው ነው። የፊዚክስ አስተማሪያችንም ከነዚህ መካከል ነበሩ። በእጃቸው የጻፉትን ማስታወሻ ፎቶግራፍ አንሥተው ይልካሉ፤ ከሥሩም ድምፃቸውን ቀድተው በአማርኛ ያብራራሉ፤ ያልገባው ተማሪ ደግሞ ወደ ኋላ መልሶ ይሰማዋል። በቀድሞ ክፍላችን ያለው መስተዋት ዛሬም በብረት ሣጥኑ ውስጥ ተቆልፎ ግድግዳው ላይ ነው፤ ቁልፉ የት እንደሆነ ግን ጠይቄ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።