ዜና መዋዕል ዘቴዎዶር ሩዝቬልት፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት

የቴዎዶር ሩዝቬልት ፊት በደቡብ ዳኮታ፣ በራሽሞር ተራራ ላይ ከዋሽንግተን፣ ከጀፈርሰንና ከሊንከን ጋር ተቀርጿል። የፓናማን ቦይ ማስቆፈራቸውን፣ ሩሲያንና ጃፓንን አስታርቀው በ1906 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ከአሜሪካውያን ሁሉ ቀድመው መቀበላቸውን ብዙ ሰው ጽፎታል። እኛ የምንጽፈው ከትልቁ ታሪክ ጥግ የቀረውን ነው፤ የሰው ጠባይ ይበልጥ የሚታየው በዚያ ነውና። የዘመኑ ቁጥር እንደ አውሮፓውያን ነው፤ አገራችንን በሚነካው ስፍራ የኛው ተጨምሯል።

ሩዝቬልት ኦክቶበር 27 ቀን 1858 በኒውዮርክ ከተማ ተወለዱ። በልጅነታቸው አስም ክፉኛ ያስጨንቃቸው ስለ ነበር አባታቸው አካልህን ራስህ ሥራው ብለው መከሯቸው፤ እሳቸውም በስፖርትና በቦክስ ሰውነታቸውን አጠነከሩ። የ6 ዓመት ልጅ ሳሉ የተገደለው የሊንከን አስከሬን በኒውዮርክ ጎዳና ሲያልፍ ከአያታቸው ቤት መስኮት ሆነው ተመለከቱ፤ ይህም በፎቶግራፍ ይገኛል። አርባ ዓመት ቆይቶ በ1905 ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ በጣታቸው ያጠለቁት ቀለበት የሊንከን ጠጉር ያለበት ነበር። የሰጧቸውም በወጣትነታቸው የሊንከን ጸሐፊ የነበሩት፣ በዚያ ዘመን ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ጆን ሄይ ናቸው።

በ1884 ዓመት፣ በፌብሩዋሪ ወር፣ ሩዝቬልት በኒውዮርክ ግዛት ምክር ቤት በአልባኒ ሳሉ ሴት ልጅ ተወለደችልዎ የሚል ቴሌግራም ደረሳቸው። ደስታው ሳይውል ሳያድር ፈጥነህ ና የሚል ሌላ ተከተለ። ቤታቸው ሲደርሱ እናታቸው በአንድ ክፍል፣ ሚስታቸው አሊስ በሌላው ክፍል በሞት አፋፍ ላይ ነበሩ። በ14ኛው ቀን እናቲቱ በታይፎይድ፣ ሚስቲቱ በኩላሊት በሽታ፣ በአንድ ቤት፣ በአንድ ቀን ሞቱ። በዚያን ዕለት በማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ትልቅ የ«X» ምልክት አሰመሩ። ሕፃኒቱን ለእህታቸው አደራ ሰጥተው ወደ ዳኮታ ምድረ በዳ ሄደው ከብት አረቡ። ከዚያ ወዲያ የአሊስን ስም ከአፋቸው አውጥተውት አያውቁም ማለት ይቻላል፤ በ1913 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸውም አንድ ቃል አልጻፉላትም። ስለ ራስ ሕመም ዝም ማለት የዚህ ሰው ጠባይ ነበር፤ ከዚህ በኋላ የምንጽፈውም ይህንኑ ይመሰክራል።

በ1901 ፕሬዚዳንት ማኪንሊ በቡፋሎ ከተማ በጥይት ቆሰሉ። ይድናሉ ስለ ተባለ ምክትላቸው ሩዝቬልት ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ አዲሮንዳክ ተራሮች ሄዱ። ከማርሲ ተራራ ጫፍ ሲወርዱ አንድ ሰው በሩጫ መጥቶ የፕሬዚዳንቱ ነፍስ በመውጣት ላይ መሆኗን ነገራቸው። ሌሊቱን በጋሪ፣ በጨለማና በጭቃ መንገድ ገሥግሠው ጎሕ ሲቀድ ባቡር ጣቢያ ሲደርሱ ማኪንሊ ሞተው ነበር። ሴፕቴምበር 14 ቀን በቡፋሎ በአንድ ወዳጃቸው ቤት ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ በእጃቸው የተያዘ መጽሐፍ ቅዱስ አልነበረም። ዕድሜያቸው 42 ነበር፤ ከእሳቸው ቀድሞም ሆነ ከእሳቸው በኋላ በዚያ ዕድሜ በዚያ ወንበር የተቀመጠ የለም።

ገና ወር እንደ ተቀመጡ፣ ኦክቶበር 16 ቀን፣ በባርነት የተወለዱትን የጥቁሮች መምህር ቡከር ቲ. ዋሽንግተንን በቤተ መንግሥቱ እራት ጋበዙ። የደቡብ ግዛቶች ጋዜጦች በቁጣ ነደዱ። ሩዝቬልትም ይቅርታ አልጠየቁም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ግብዣ አልደገሙትም።

በቤተ መንግሥቱም ከአንድ ወጣት የመድፈኛ መኮንን ጋር ቦክስ ሲጋጠሙ የግራ ዓይናቸው ተመታና እያደር ብርሃኑ ጠፋ። ያ መኮንን እንዳይጸጸት ብለው ነገሩን ለብዙ ዓመታት ደበቁት። ይህን ሥራቸውን እጅግ እናከብራለን።

በ1896 ዓ.ም. መግቢያ የአድዋ ድል ከሆነ 8 ዓመት ሊሞላው ነበር። የአሜሪካ አቡጀዲ በኢትዮጵያ ገበያ በብዛት ይሸጥ ነበር፤ ቆዳና የሐረር ቡናም ወደ አሜሪካ ይሄድ ነበር፤ በሁለቱ መንግሥታት መካከል ግን ውል አልነበረም። ስለዚህ ሩዝቬልት በማርሴይ ቆንስላ የነበሩትን ሮበርት ስኪነርን ላኩ። ስኪነር ጥቂት የባሕር ወታደሮች አስከትለው ከጂቡቲ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ ወዲህ በበቅሎና በግመል ተጉዘው ታኅሣሥ 8 ቀን 1896 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ዐፄ ምኒልክም በታላቅ አጀብ ተቀበሏቸው። ድርድሩ አልተጓተተም፤ ታኅሣሥ 17 ቀን ውሉ ተፈረመ። የአሜሪካ ነጋዴ ከሌላው አገር ነጋዴ ያነሰ መብት እንዳይኖረው፣ ውሉም ለ10 ዓመት እንዲጸና ተስማሙ። ዐፄ ምኒልክ ለፕሬዚዳንቱ አንበሶችና የዝሆን ጥርስ ሰጡ። የሜዳ አህያም ላኩላቸው፤ የአሜሪካ እርሻ ባለሙያዎች ጠንካራ የጭነት ከብት እናገኝ ብለው ይህን እንስሳ ከፈረስና ከአህያ ጋር ለማዳቀል ሞከሩ።

የጸደቀው ውል የተመለሰበት መንገድ ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል። ውሉን እንዲያደርስ የተላከው የምክትል ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ወንድም ኬንት ሉሚስ ነበር። በጁን 1904 ካይዘር ቪልሄልም 2ኛ በሚባል መርከብ ከኒውዮርክ ተነሣ፤ አብሮትም ዊልያም ኤሊስ የሚባል ሰው ነበር። ኤሊስ በቴክሳስ ከባሪያ ወላጆች የተወለደ ጥቁር ሲሆን፣ በነጮች ዘንድ ግን የሜክሲኮ ባለጸጋ መስሎ በስፓኝ ስም ይኖር ነበር። በ1895 ብዙ መቶ ጥቁር አሜሪካውያንን ለጥጥ እርሻ ወደ ሜክሲኮ የወሰደ እሱ ነው። ከስኪነር ጉዞ ጥቂት ቀደም ብሎም አዲስ አበባ መጥቶ በዐፄ ምኒልክ ፊት ቀርቦ ነበር። መርከቡ እንግሊዝ አገር ሊደርስ ሲል ሉሚስ ጠፋ። ከሳምንታት በኋላ አስከሬኑን ባሕሩ በደቡብ እንግሊዝ ዳርቻ ተፋው። አንዳንዶች በኤሊስ ላይ ጥርጣሬ አሳደሩ፤ የተረጋገጠበት ወንጀል ግን የለም። ኤሊስ ውሉን ይዞ ጉዞውን ቀጠለና ለዐፄ ምኒልክ አስረከበ። የባሪያ ልጅ የሩዝቬልትን ቃል ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ያደረሰው በዚህ ዓይነት ነው።

አሁን ደግሞ የምናዝንበትን እንጽፋለን። በኦገስት 1906 በቴክሳስ፣ በብራውንስቪል ከተማ፣ በሌሊት ተኩስ ሆኖ አንድ ሰው ሞተ። የከተማው ነጮች በ25ኛው እግረኛ ሬጅመንት ጥቁር ወታደሮች አሳበቡ። ወታደሮቹ አናውቅም ባሉ ጊዜ ሩዝቬልት 167ቱን ያለ ፍርድ፣ ያለ ክብር ከሠራዊቱ አባረሩ። ከ20 ዓመት በላይ ያገለገሉት እንኳ ጡረታቸውን አጡ። ትእዛዙም የጥቁሮች ድምፅ እንዳይጎድል የምክር ቤት ምርጫ እስኪያልፍ ተይዞ ቆየ። የአንድን መኮንን ልብ ላለማሳዘን የዓይናቸውን መጥፋት የሸሸጉ ሰው የ167 ሰዎችን ክብር በአንድ ወረቀት አጠፉ። በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ብራውንስቪልም እንደ አሊስ አይገኝም። ስለ ሚስታቸው የዘለሉትን በሐዘናቸው እንረዳላቸዋለን፤ ስለ ወታደሮቹ የዘለሉት ግን የእሳቸው ሕመም ስላልነበረ ዝም ሊሉበት አይገባም ነበር። ሠራዊቱ ውሳኔውን የሻረው በ1972 ነው፤ ያን ጊዜ አብዛኞቹ ሞተዋል።

ከሥልጣን ወርደው በ1909 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለአደን ሄዱ፤ በነጭ ዓባይም ወርደው በ1910 ካርቱም ገቡ፤ ኢትዮጵያን ግን አልረገጡም። በኦክቶበር 14 ቀን 1912 ዳግመኛ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ በሚልዋኪ ጆን ሽራንክ የሚባል ሰው ደረታቸውን በጥይት መታቸው። ጥይቱ በኪሳቸው የነበረውን የመነጽር ማኅደርና የታጠፈ 50 ገጽ ንግግር በስቶ ስለ ገባ ጉልበቱ ደከመ። ሩዝቬልት እጃቸው ላይ ሳሉና ደም አለመኖሩን አይተው ሳንባዬ አልተነካም አሉ። ሕዝቡም ሰውየውን እንዳይጎዳው ከለከሉ፤ ደማቸው በሸሚዛቸው ላይ እየፈሰሰ ከአንድ ሰዓት በላይ ተናገሩ። ጥይቱም እስከ ዕለተ ሞታቸው ከደረታቸው አልወጣም።

በጁላይ 1918 የመጨረሻ ልጃቸው ኩዌንቲን በፈረንሳይ ሰማይ አውሮፕላኑ ተመትቶ ሞተ። በጃንዋሪ 6 ቀን 1919 ሩዝቬልት በ60 ዓመታቸው፣ በኦይስተር ቤይ ቤታቸው፣ በተኙበት ዐረፉ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ደጃዝማች ናደው፣ ከንቲባ ገብሩና ብላታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የንግሥት ዘውዲቱን መልእክት ይዘው አሜሪካ ደረሱ። ፕሬዚዳንት ዊልሰን በዋይት ሐውስ ተቀበሏቸው። በኒውዮርክ ግን አንድ ክለብ የቆዳቸውን ቀለም አይቶ ማዕድ ሊያቀርብላቸው እምቢ አለ። ቡከር ቲ. ዋሽንግተን በሩዝቬልት ገበታ ከተቀመጡ 18 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር።