ከቆዳ ወደ አንጀት፦ የሶሪያሲስና የምግብ ሙከራ ረጅም ታሪክ

በ1967 ላንሴት የተባለው የለንደን የሕክምና መጽሔት አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ጥቂት የሶሪያሲስ ሕመምተኞችን በአብዛኛው ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ሥጋ እያበሉ ቆዳቸው እንደጠራላቸው አስታወቁ። ተርኪን የመረጡት ትሪፕቶፋን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በሥጋው ውስጥ ያንሳል ብለው ነበር። ወሬው ተዛመተ፤ ከቅባትና ከፀሐይ በቀር ተስፋ ያልነበረው ሰው ሁሉ ተርኪ ጀመረ። ሌሎች ሐኪሞች ሲሞክሩት ግን ያው ውጤት አልተገኘም። ለነገሩ የተርኪ ሥጋ በትሪፕቶፋን ከሌላው ሥጋ የሚተናነስ አይደለም።

በሶሪያሲስና በምግብ ታሪክ ውስጥ ይህ ነገር ደጋግሞ ይመጣል። አንድ ሰው ይሞክራል፣ ይሻለዋል፣ ይናገራል፤ ሌላው ይሞክራል፣ አይሻለውም፣ ዝም ይላል። በሽታው ደግሞ ለእንዲህ ያለው ግራ መጋባት የተመቸ ነው፤ ማንም ሳይነካው ይነሣል፣ ማንም ሳያክመው ይበርዳል።

ሶሪያሲስ ተላላፊ አይደለም። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በራሱ ቆዳ ላይ ሲነሣ፣ በአንድ ወር ገደማ መታደስ የነበረበት ቆዳ በቀናት ውስጥ እየተመረተ ነጭ ቅርፊት ይከምራል። በዓለም ላይ ቢያንስ 100 ሚሊዮን ሰው እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ለብዙ ዘመን ከሥጋ ደዌ ጋር ይቀላቀል ነበር፤ እንግሊዛዊው ሮበርት ዊላን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ መልኩን በደንብ ቢጽፈውም ከዚያ ስም ሙሉ በሙሉ ያላቀቀው በ1841 የቪየናው ፈርዲናንድ ሄብራ ነው። ዛሬም ለቆዳው በሥጋ ደዌ ሕክምና ወደሚታወቀው አለርት ሆስፒታል የተላከ የአዲስ አበባ ሰው ስሙን ሲሰማ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ሕመምተኛው ፊቱን ወደ ማዕዱ የመለሰው ያለ ምክንያት አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪም የሚያዝለት የፋውለር ጠብታ የሚባል አርሴኒክ ነበር፤ ቆዳውን ያጠራው ይሆናል፣ ግን ለዓመታት የወሰዱት ሰዎች የቆዳ ካንሰር ያዛቸው። በ1925 የማዮ ክሊኒኩ ጎከርማን ያስተዋወቀው ሕክምና ደግሞ የድንጋይ ከሰል ቅጥራን ተቀብቶ ለአልትራቫዮሌት ብርሃን መቀመጥ ነው። ይሠራል፤ ግን ልብስ ያበላሻል፣ ይሸታል፣ ቀኑን ሙሉ ይበላል።

አንጀት ወደ ነገሩ የገባው በፓሪስ በኩል ነው። በ1887 ሻርል ቡሻር በአንጀት ውስጥ የሚበሰብስ ምግብ መርዝ ሆኖ ወደ ደም ይገባል የሚል ሐሳብ አስፋፋ። ሳይንቲስቱ ሜችኒኮፍ እርጎ የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ይህን ብስባሽ ይከላከላሉ ብሎ በ1907 ጻፈ። ለንደን ላይ ቀዶ ሐኪሙ አርበትኖት ሌን ከዚያም አልፎ የሰዎችን ትልቁን አንጀት ቆርጦ እስከማውጣት ደረሰ። አንድ ሐሳብ ትክክል ሳይሆን ስንት ርቀት ሊሄድ እንደሚችል ከሌን ቢላ የበለጠ ምስክር የለም።

የቆዳ ሐኪሞቹ ለዘብ ያሉ ነበሩ። የኒው ዮርኩ ደንካን በልክሊ ለሶሪያሲስ ሥጋ መተው ይበጃል ይል ነበር፤ የፊላደልፊያው ጄይ ሻምበርግም በ1913 ፕሮቲን የቀነሰ ምግብ ጥሩ ነው ብሎ አሳተመ። ይህ እምነት ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ኖረ፤ በ1969 ዛክሃይምና ፋርበር ሕመምተኞችን ሆስፒታል አስተኝተው ሲፈትሹት ግን ጥቅሙ ሳይታይ ቀረ።

ሐኪሞቹ የተዉትን ሌሎች አነሡት። በኒው ጀርዚ ይሠራ የነበረው ጆን ፓጋኖ፣ ሐኪም ሳይሆን የአከርካሪ አሻሽ፣ በ1991 ባወጣው መጽሐፍ ሶሪያሲስ የሚመጣው ከሚያፈስ አንጀት ነው አለ። መነሻው በ1945 የሞተው አሜሪካዊ ባለ ራእይ ኤድጋር ኬይሲ በሰመመን ተኝቶ የተናገረው ቃል ነው። ከማዕድ የሚያስወጣቸው ቲማቲም፣ ድንች፣ ደብርጃን፣ ቃሪያና በርበሬ ናቸው። (በርበሬ የሌለበት የሐበሻ ቤት ምን ሊሠራ እንደሚችል ፓጋኖ አልተጠየቀም።) ያም ሆኖ በ2017 በታተመ የ1,206 አሜሪካውያን ሕመምተኞች ጥናት 86 ከመቶው ምግባቸውን እንደቀየሩ ተናገሩ፤ የፓጋኖን ሥርዓት ከተከተሉት ውስጥ 72 ከመቶው ተሻለን አሉ። ያልተሻለው ሰው መጠይቅ የመሙላት ትዕግሥቱ ትንሽ መሆኑን ግን ልብ ማለት ይገባል።

ኬይሲ በሰመመን፣ ሌን በቢላ ሲሳሳቱ፣ ሳይንስ በሌላ በር አንጀት ዘንድ ደረሰ። በ1951 ጉብነር የተባለ ሐኪም ለመገጣጠሚያ ሕመም አሚኖፕተሪን የተባለ መድኃኒት ሲሰጥ ሶሪያሲስ እንደሚጠራ በአጋጣሚ አየ፤ ዛሬ ብዙ ሰው የሚወስደው ሜቶትሬክሴት የዚያ ወንድም ነው። በ1979 የሰውነት መከላከያን የሚያዳክመው ሳይክሎስፖሪንም እንዲሁ ሲያጠራው ታየ፤ ነገሩ የመከላከያ ሥርዓት መሆኑ ከዚያ ወዲያ ግልጽ እየሆነ ሄደ። በ2009 የኒው ዮርክ ተመራማሪዎች በአይጥ አንጀት ውስጥ የሚኖር አንድ ዓይነት ባክቴሪያ፣ በሶሪያሲስ የሚታወቁትን ዓይነት የመከላከያ ሕዋሳት እንደሚያስነሣ አሳዩ። እነሆ አንጀትና ቆዳ ተገናኙ።

ግንኙነቱ ግን ለምግብ ሻጮች እንደሚመቸው ቀጥ ያለ አይደለም። የእነዚህን ሕዋሳት ሥራ የሚያግደውና ለሶሪያሲስ በጣም የሚሠራው ሴኩኪኑማብ የተባለ መድኃኒት፣ ክሮንስ የተባለ የአንጀት ሕመም ላለባቸው ሰዎች ሲሰጥ እንዳባሰባቸው በ2012 ታየ። በ2021 ደግሞ የዴንማርክ ሐኪሞች ሶሪያሲስ መገጣጠሚያቸው ላይ ለወጣባቸው 31 ሰዎች ከጤነኛ ሰው የተወሰደ የአንጀት ባክቴሪያ ወይም ማስመሰያውን ሰጥተው አወዳደሩ፤ ማስመሰያውን ያገኙት የተሻሉ ሆኑ።

ከምግቡ ወገን የተረፈው ምንድን ነው? የዓሣ ዘይት በ1988 በ28 ሰዎች ላይ ተስፋ ሰጠ፤ በ1993 በ145 ሰዎች ሲፈተን ከበቆሎ ዘይት አልበለጠም። ግሉተን የተባለውን የስንዴና የገብስ ፕሮቲን መተው የተሻለ ዕድል አለው፤ ስዊድናዊቷ ሚካኤልሰንና ባልደረቦቿ በ2000 እንዳሳዩት፣ የሚሻላቸው በደም ምርመራ የግሉተን ፀረ አካል የተገኘባቸው ሰዎች ናቸው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት እንጀራ ግን አለው። በ2018 የአሜሪካ የሶሪያሲስ ፋውንዴሽን ማስረጃውን ሁሉ ሲመዝን አጥብቆ የመከረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ውፍረት ያለበት ሰው ክብደት ይቀንስ።

ጾምም ተፈትኗል፤ ረመዳንን የጾሙ 108 ሕመምተኞች ቆዳቸው እንደተሻለ በ2019 ተጽፏል። ሁዳዴ ስጾም ይሻለኛል የሚል ካለ አልጠራጠረውም። ግን ሁዳዴ የሚውለው ፀሐይ በበረታበት በበጋው ወቅት ነው፣ ፀሐይ ደግሞ የታወቀች የሶሪያሲስ መድኃኒት ናት። አሜሪካዊው ደራሲ ጆን አፕዳይክ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ከበሽታው ጋር ኖሮ፣ ቤቱን የመሠረተው ለባሕር ዳርቻ ፀሐይ ሲል እንደሆነ ራሱ ጽፏል። በጾም ወራት መጠጥም ይቀራል፣ ክብደትም ይቀንሳል። ከእነዚህ የትኛው ቆዳውን እንዳጠራው ጾመኛው በምን ያውቃል?

በ1986 የካናዳው ጎርደን ጋያትና ባልደረቦቹ አንድ ሕመምተኛ ብቻውን ተገቢ ሙከራ ሊሆን እንደሚችል አሳዩ፤ መድኃኒቱንና ማስመሰያውን እያፈራረቁ በመስጠት። ምግብን ማስመሰል ስለሚያስቸግር ቤት ውስጥ ያን ያህል ጥብቅ መሆን አይቻልም። ነገር ግን አንድ ነገር ብቻ ለሁለትና ለሦስት ወር ትቶ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ እያነሡ ቆይቶ፣ ከዚያ መልሶ መብላት ለማንም ይቻላል። መልሶ መብላቱን ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ያለ እርሱ የተገኘ ውጤት ከወሬ አይሻልም ባይ ነኝ።

ሙከራው ሲካሄድ መድኃኒቱ ባለበት ይቀጥል። ከሶሪያሲስ ሕመምተኞች እስከ 30 ከመቶው መገጣጠሚያቸውም ይታመማል፤ አንዴ የተበላሸ መገጣጠሚያ በምግብ አይመለስም። ጠዋት ጣትዎ እብጥ ብሎ አልታጠፍ ካለ ወይም ተረከዝዎ ካመመዎት፣ የጀመሩት የምግብ ሙከራ እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።