ከአገልግል እስከ ምሳ ዕቃ

ጧት ታክሲ ሰልፍ ላይ ብትቆሙ ስንቱ ሠራተኛ ምሳ ዕቃ እንዳንጠለጠለ ታያላችሁ። የምግብ ቤት ዋጋ እንዲህ ከተሰቀለ ወዲህ አለቃውም ምንዝሩም ከቤቱ ይዞ ይወጣል። በእኛ ጊዜ ግን ምሳ ዕቃ የደሃ ምልክት ነበር። እኔ ራሴ ሰው እንዳያይብኝ በጋዜጣ ጠቅልዬ የያዝሁበት ጊዜ አለ። ነገሩ የሚያሳፍር እንዳልነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሀገራችን ስንቅን ከጥንት ታውቀዋለች። መንገደኛ በሶውን፣ ቆሎውን፣ ድርቆሹን ቋጥሮ ነው የሚወጣው። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ከዘመተው ሠራዊት ብዙው ስንቁን የያዘው ከየቤቱ ነው፤ ከውጊያው በፊት ስንቅ እያለቀ ሠራዊቱን አስጨንቆት እንደነበረም ተጽፏል። ለእንጀራው ደግሞ አገልግል ነበረ። ከሣር ተሰፍቶ በውጭ በኩል ቆዳ ይለበጣል፤ ክዳኑም በጠፍር ይታሰራል። በቅሎ ላይ ቢጫን ፍትፍቱ አይፈስ፣ አይደርቅ። ዛሬ ለጌጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳየው ይገርመኛል።

የወር ደመወዝና የቢሮ ሰዓት ሲመጣ ቆርቆሮው ምሳ ዕቃ ተከተለ። ባለሁለት ወይም ባለሦስት ደርብ ሆኖ ከላይ ማንጠልጠያ አለው። ታች ወጥ፣ ላይ እንጀራ። ብልህ ሴት ግን ፍርፍር ታደርገዋለች፤ አይፈስም፣ ሳይሞቅም ይበላል።

ይህ ዕቃ ታዲያ ሥራ ቦታ ብቻ አይደለም የሄደው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ስንት እናት እሱን ይዛ እስር ቤት ደጃፍ እንደተሰለፈች የሚያስታውስ ያስታውሳል። ከውስጥ ወሬ አይወጣም። ዕቃው ባዶውን ከተመለሰ ልጁ በልቷል፣ አለ ማለት ነው። እናቴም ለታላቅ ወንድሜ ትመላለስ ነበር፤ እኔም እከተላታለሁ። አንድ ቀን ምሳ ዕቃው እንደሞላ ተመለሰ። «ከእንግዲህ እንዳታመጪ» አሏት። ሌላ ቃል የለም።

ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነበር። ድንኳን አይተከል፣ የእድር ጥሩምባ አይነፋ። ምግብ በሞሰብ ቢመጣ ደግሞ ለቅሶ መሆኑ ይታወቃል። የሠፈራችን እናቶች ምን አደረጉ? ቡና ሊጠጡ የመጡ መስለው አንድ በአንድ፣ ምሳ ዕቃቸውን ከነጠላቸው ሥር ይዘው ገቡ። ሦስት ቀን ሙሉ ቤታችን እሳት አልነደደም። ከእነዚያ እናቶች አብዛኞቹን ይኸው እድራችን ሸኝቷቸዋል።

በ1971 ዓ.ም. መዝገብ ቤት ስቀጠር እናቴ ያንኑ ምሳ ዕቃ አጥባ ትቋጥርልኝ ጀመር። ሌላ እንግዛ ብላት አልሰማ አለች። ቢሮ ውስጥ ረቡዕና ዓርብ የሚመጣው ሽሮና ጎመን ስለሆነ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ክዳኑ ላይ እያቀረብን አንድ ላይ እንበላለን፤ የሥጋ ቀን ግን ለየብቻ ነው። መብላት ያስጠላኝ ቀን እንኳ የተረፈኝን ለዘበኛው እሰጣለሁ እንጂ ይዤው አልመለስም። ማታ ስገባ እናቴ ፊቴን ከማየቷ በፊት ምሳ ዕቃውን ተቀብላ ታነቃንቀው ነበር።