ሳይበቃ ያለቀ ፈውስ

ፔኒሲሊን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. በለንደን ሴንት ሜሪ ሆስፒታል በአሌክሳንደር ፍሌሚንግ እጅ እንደ ተገኘ ብዙ ሰው ያውቃል፤ ዳሩ ግን ይህ ከሻጋታ የሚገኝ መድኃኒት ከ10 ዓመት በላይ ለብዙ ሕሙማን ሳይደርስ መቀመጡን፥ ኋላም በኦክስፎርድ ሊቃውንት በሃዋርድ ፍሎሪና በኤርንስት ቼይን፥ ይልቁንም ስሙ እምብዛም በማይነሣው በኖርማን ሂትሊ ብልሃት ለወግ ለማዕርግ መብቃቱን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ዘመኑ የጦርነት ነበርና፥ ዕቃ ስለ ጠፋ ሂትሊ ሻጋታውን ያበቅል የነበረው የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሕሙማን በሚጸዳዱበት ሳሕን ጭምር ነበር። በግንቦት 1940 ገዳዩን ባክቴሪያ ስትሬፕቶኮከስን ከተወጉት 8 አይጦች መድኃኒቱን ያገኙት 4ቱ ሌሊቱን በሕይወት ሲያነጉ፥ ያላገኙት 4ቱ ሞቱ።

የመድኃኒቱ ጥበብ እንዲህ ነው፤ ባክቴሪያ ሰውነቱን የሚከብብ ጽኑ ግድግዳ አለው፥ ባደገና በተከፈለ ቁጥርም ያንኑ እያደሰ ይሠራል፤ ፔኒሲሊን የግድግዳውን ክሮች የሚያያይዘውን ኢንዛይም ይዞ ሥራ ያስፈታዋል፥ ግድግዳው ሲላላም ውሃ ወደ ውስጥ ገብቶ ባክቴሪያውን ያፈነዳዋል። የሰው ሕዋስ ይህ ግድግዳ ስለሌለው ይተርፋል፤ ቫይረስም የለውምና መድኃኒቱ ለጉንፋን ከንቱ ነው። ሆኖም ሰውነታቸው መድኃኒቱን የሚቆጣ፥ አብጠው እስትንፋስ እስኪያጥራቸው የሚደርሱ ሰዎች ስላሉ፥ ሐኪም ከመርፌው በፊት ይህን ሳይጠይቅ አያልፍም።

በየካቲት 1941 ፊቱን መግል የበላው አንድ ፖሊስ መድኃኒቱን ተወግቶ በጥቂት ቀን ትኩሳቱ በረደ፥ ምግብም በላ። ነገር ግን ከገዛ ሽንቱ እንኳ እየተጣራ ዳግመኛ ቢሰጠውም፥ ደዌው ከሥሩ ሳይነቀል መድኃኒቱ አለቀ፤ በመጋቢትም ዐረፈ። እኔ እንደማስበው፥ የታዘዘው ሳያልቅ ስለ ተሻለው መድኃኒቱን ለሚያቋርጥ ሰው ከዚህ ታሪክ የበለጠ ሊነገረው የሚገባ የለም። ባክቴሪያ መድኃኒቱን መቋቋም መቻሉም ስውር አልነበረም፤ ቼይንና ባልደረባው ኤድዋርድ ኤብራሃም ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ኢንዛይም በባክቴሪያ ውስጥ መኖሩን ያስታወቁት ቀድሞ፥ በ1940 ነበር።

ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፥ ጉሮሮውን የታመመ ባል መድኃኒቱን በገዛ እጁ ገዝቶ፥ ተሕዋስያኑን የማይገድል፥ መቋቋምን ግን የሚያስተምር ጥቂት መጠን ወስዶ፥ በሽታውን ለሚስቱ አስተላልፎ እንደ ገደላት በምሳሌ ተናገረ። በምሳሌው የጠራው ስትሬፕቶኮከስን ነበር፤ የሚያስደንቀው ግን፥ የጉሮሮ ደዌ የሚያመጣው ስትሬፕቶኮከስ እስከ ዛሬ ለፔኒሲሊን ሲሸነፍ፥ ያን ፖሊስ ካጠቁት አንዱ የሆነው ስታፊሎኮከስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፔኒሲሊንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ታጥቆ በየሆስፒታሉ ተነሣ።