የመስጂዱ ሰዓት ጠባቂና የሱልጣኑ ኮከብ ቆጣሪ

 

ባለፈው ዝግጅታችን ማብቂያ ላይ አንድ አባት ስልክ ደውለው ነበር። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ «ዲን የሳይንስ ጠላት ነው፤ ሙስሊሞች ወደ ኋላ የቀሩት በዑለሞቻቸው ምክንያት ነው» እያለ ይሞግታቸዋል። «ተቆጣሁት እንጂ መልስ አልሰጠሁትም። ከዚያ ወዲህ ወደ ቤት መምጣቱም እየቀነሰ ሄደ» አሉን። ልጁ ከሚጠቅሳቸው ማስረጃዎች አንዱ በኢስታንቡል የፈረሰው የከዋክብት መመልከቻ ነው። መፍረሱ እውነት ነው። ስለዚህ ዛሬ ይህንኑ ታሪክ ሳንሸፋፍን እናየዋለን፣ ኢንሻአላህ።

ከዚያ በፊት ግን ወደ ደማስቆ ጎራ እንበል።

በየቤታችን ግድግዳ ላይ የሰላት ሰዓት ካላንደር ተሰቅሏል። ዙህር በዚህ ሰዓት፣ ዐስር በዚህ ሰዓት ይላል፤ እኛም አይተን እናልፋለን። ዐስር ግን የሚገባው በጥላ ልክ ነው፤ ጥላው ደግሞ በየቀኑና በየአገሩ ይለያያል። ፈጅርና ዒሻ የሚታወቁት ፀሐይ ከአድማስ በታች ባላት ርቀት ነው። ቂብላን ከሩቅ አገር ሆኖ በትክክል ማግኘት ደግሞ የምድርን ክብነት ያገናዘበ ሒሳብ ይጠይቃል። አል-ቢሩኒ የከተሞችን አቀማመጥ ስለመለካት በ1025 እ.ኤ.አ በጨረሰው መጽሐፍ ከተነሳባቸው ጉዳዮች አንዱ የገዝና ከተማ ቂብላ ነበር። ስሙ ከአልጀብራ ጋር የማይለየው አል-ኸዋሪዝሚም የመጽሐፉን ሰፊ ክፍል የሰጠው ለውርስና ለኑዛዜ ክፍፍል ሒሳብ ነው። ሟች ሚስት፣ እናትና ሴት ልጆች ትቶ ሲሄድ ለእያንዳንዳቸው ስንት ስንተኛ እንደሚደርስ ማስላት ለቃዲው የየዕለት ሥራው ነበር።

ይህ የሰዓት ጉዳይ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በግብፅና በሻም ትላልቅ መስጂዶች ራሱን የቻለ ሥራ ወለደ። ሠራተኛው «ሙወቂት» ይባላል፤ ወቅት ጠባቂ ማለት ነው። ደመወዙ ከመስጂዱ ገቢ ይከፈለዋል፤ ሥራውም ሰማይን መመልከትና ማስላት ነው።

በደማስቆው የኡመያ መስጂድ ሙወቂት ከነበሩት አንዱ ኢብኑ ሻጢር ነው (1304–1375 እ.ኤ.አ)። በስድስት ዓመቱ አባቱ ሞተበት። አያቱ ወስደው አሳደጉት፤ በልጅነቱም በእንጨት ላይ የዝሆን ጥርስ የመለበጥ ሙያ ተማረ። እጁ እንዲህ የተገራው ይህ የቲም በ773 ዓመተ ሂጅራ ለመስጂዱ ሚናራ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን የእብነ በረድ የፀሐይ ሰዓት ሠራ። ሰዓቱ የሰላት ወቅቶችን የሚያሳዩ መስመሮች ነበሩት። ዛሬ በቦታው ያለው በ1876 የተሠራው ቅጂ ሲሆን፣ የተሰበረው ዋናው ድንጋይ በደማስቆ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል።

ኢብኑ ሻጢር በዚህ አላበቃም። በዚያ ዘመን ስለ ሰማይ የመጨረሻው ቃል የግሪኩ የበጥሊሞስ ነበር። በበጥሊሞስ ስሌት ከሄድን ጨረቃ አንዳንድ ጊዜ ወደ ምድር በጣም ስለምትቀርብ፣ ከሌላው ጊዜ እጥፍ ያህል ገዝፋ መታየት ነበረባት። ቀና ብሎ የሚያይ ሁሉ እንዲህ እንዳልሆነ ያውቃል። ሙወቂቱ ስሌቱን አፍርሶ እንደገና ሠራው። በ1957 እ.ኤ.አ ቪክቶር ሮበርትስ የተባለ ተመራማሪ የእርሱን የጨረቃ ስሌት ሲያጠና፣ ኮፐርኒከስ በ1543 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ካለው ጋር በሒሳቡ አንድ ሆኖ አገኘው። ስሌቱ በምን መንገድ ወደ አውሮፓ እንደደረሰ፣ ወይም ኮፐርኒከስ በራሱ ደርሶበት እንደሆነ፣ የታሪክ ምሁራን አሁንም ይከራከራሉ። እኛ ደግሞ ያላለውን አንጨምርለት። ኢብኑ ሻጢር ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች አላለም፤ ያንን ያለው ኮፐርኒከስ ነው።

አሁን ወደ ኢስታንቡል እንሂድ።

ተቂዩዲን የተባለው ሊቅም የደማስቆ ሰው ነው፤ በቃዲነትም በሙወቂትነትም ሠርቷል። በ1571 እ.ኤ.አ የኦቶማኑ ቤተ መንግሥት ዋና ኮከብ ቆጣሪ አደረገው። ቀጥሎም ሱልጣን ሙራድ ሦስተኛ፣ በሶኮሉ መሕመድ ፓሻና በሼኽ ሰዕዱዲን ግፊት፣ ትልቅ የከዋክብት መመልከቻ እንዲሠራ ፈቀደለት፤ ሥራውም በ1577 ተጀመረ። ተቂዩዲን በዚያ ደቂቃንና ከደቂቃ ያነሰ ጊዜን ጭምር በሚያሳይ መካኒካል ሰዓት ይለካ ነበር። በዘመኑ ይህ ብርቅ ነገር ነው።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር አንድ ጅራታም ኮከብ ሰማዩን አቋርጦ ታየ። ሱልጣኑ «ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ተቂዩዲን «መልካም ዜና ነው፤ ፋርስን ድል ታደርጋላችሁ» ሲል ተነበየ። የነገሩ ጠንቅ እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ሙወቂቱ ተቂዩዲን ቢሆን ኖሮ የኮከቡን ርቀት ይለካ ነበር፤ የቤተ መንግሥቱ ኮከብ ቆጣሪ ተቂዩዲን ግን የሱልጣኑን ዕድል መናገር ግድ ሆነበት።

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም በሕፃንነቱ በሞተበት ቀን በመዲና ፀሐይ ጠቆረች። የዛሬዎቹ ሊቃውንት አስልተው ጃንዋሪ 27 ቀን 632 እ.ኤ.አ ግርዶሽ እንደነበረ ይነግሩናል። ሰዎች «የጠቆረችው ለኢብራሂም ሞት ነው» አሉ። ለአንድ መሪ ይህ የሚጠቅም ወሬ ነበር፤ ዝም ቢሉ ማን ይቃወማቸው ነበር? እርሳቸው ግን ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች መሆናቸውን፣ ለማንም ሰው መሞትም ሆነ መወለድ እንደማይጠቁሩ ተናገሩ፤ ሰላትም አሰገዱ። ልባቸው በሐዘን የቆሰለ አባት ናቸው ይህን የተናገሩት።

ወደ ሱልጣኑ እንመለስ። ትንቢቱ ከተነገረ በኋላ ወረርሽኝ ገባ፤ ታላላቅ ሰዎችም በተከታታይ ሞቱ። በኦክቶበር 1579 ሶኮሉ መሕመድ ፓሻ በስለት ተገደለ፤ የተቂዩዲን ደጋፊዎች ጎራ ተዳከመ። ሼኹል ኢስላሙ አሕመድ ሸምሱዲን ለሱልጣኑ አቤቱታ አቀረቡ፤ መመልከቻ የተሠራበት አገር ሁሉ ይፈርሳል፣ የሰማይን ምስጢር መጎርጎር መዘዝ ያመጣል የሚል እንደነበር ይተረካል። ጃንዋሪ 22 ቀን 1580 እ.ኤ.አ መመልከቻው እንዳልነበር ሆነ። የቆየው ሦስት ዓመት ገደማ ብቻ ነበር።

አንዳንድ ወንድሞች «ይህ ፖለቲካ ነው፤ ዲን እጁ የለበትም» ይላሉ። ፖለቲካ ነበረበት፤ ሶኮሉ ከተገደለ ሦስት ወር ብቻ ቆይቶ መሆኑን ልብ ይሏል። ሆኖም አቤቱታው ላይ ያለው የሼኹል ኢስላሙ ስም ነው፤ ይህን አጥበን ልናስለቅቀው አንችልም። ሼኹ ጥንቆላን ብቻ ተቃውመው «ትንቢቱን ተዉ፣ ልኬቱን ቀጥሉ» ብለው ቢሆን ከሐዲሡ ጋር በቆሙ ነበር። «መመልከቻ ያለበት አገር ይፈርሳል» ማለት ግን ራሱ ገድ ማየት ነው! ኮከብ ቆጣሪው በኮከቡ ገድ አየ፤ ከሳሹ ደግሞ በሕንፃው።

ያንኑ ጅራታም ኮከብ በዴንማርክ ቲኮ ብራሄም ተመልክቶታል፤ ለክቶም ከጨረቃ በላይ እንዳለ አረጋገጠ። እርሱም ቢሆን ኮከብ ቆጠራ ይሠራ ነበር። በንጉሡ በተሰጠው ደሴት ሃያ ዓመት ያህል ሰማይን ሲለካ ቆይቶ፣ አዲሱ ንጉሥ ፊት ሲነሳው በ1597 አገር ለቆ ሄደ፤ ሕንፃዎቹም ከሞተ በኋላ ፈረሱ። ነገር ግን የሃያ ዓመቱ መዝገብ በኬፕለር እጅ ገባ፤ በ1609 ኬፕለር የማርስ መንገድ ክብ ሳይሆን ሞላላ መሆኑን ያሳየው በዚያ መዝገብ ነው። ተቂዩዲን ግን ሠንጠረዡን እንዳሰበው ሳይጨርስ በ1585 ሞተ።

በኢስታንቡል የመስጂድ ሙወቂቶች ሥራ አልተቋረጠም፤ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ዘልቋል። ኢብራሂም ሙተፈሪቃ የአረብኛ ፊደል ማተሚያ ለማቋቋም በ1727 ፈትዋ ሲጠይቅ፣ የፈቀዱለት የዚያው ወንበር ባለቤት የነበሩት ሼኹል ኢስላም ዐብዱላህ ናቸው። የሃይማኖት መጻሕፍትን እንዲያትም ግን አልተፈቀደለትም፤ ይህም መታወቅ አለበት። በ1732 ካተማቸው መጻሕፍት በአንዱ፣ በካቲብ ቸለቢ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ውስጥ፣ የኮፐርኒከስን ሐሳብ የሚያብራራ ክፍል ራሱ ጨምሮበታል።

ይህ ንግግር በመጽሔታችን ስለሚታተም፣ ስልክ የደወሉልን አባት ለልጃቸው ሊልኩለት ይችላሉ። ልጁ የሚጨምረው ወይም የሚቃወመው ነገር ካለው ይጻፍልን፤ ደብዳቤውን በዚሁ ሰዓት እናነበዋለን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።